ማዞሩ ስንት ደቂቃ ቆየ?

ማዞርንና ራስ ምታትን አማርኛ በአንድ ቃል ይጀምራቸዋል፤ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ራሴን ያመኛል»። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው ጆሮ በመሀል አይነሳም። ስለዚህ ጅማ ውስጥ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ቤቱ የሚሽከረከርበት ሰው ዛሬ የደም ማነስ፣ ነገ የደም ግፊት፣ ከነገ ወዲያ የታይፎይድ ምርመራ ያደርጋል። ሁሉም ደህና ነው ከተባለ «ምች ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። ዳማ ከሴው አይጎዳውም። የሚጎዳው ከመድኃኒት ቤት በየቀኑ የሚገዛው የራስ ምታት ክኒንና ለወራት ሳይቋረጥ የሚዋጠው የማዞር ክኒን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውስጥ ጆሮ ሕመም ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ ራሱንም ያመዋል፤ ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚነሳ፣ ብዙ ጊዜ በከባድ ራስ ምታት የሚታወቅ ሕመም) ያለበትን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያዞረዋል። ራስ ምታቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱን የሚያስታግሰው ክኒን ሌላውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ሰዓት ነው። «እንዴት ያዞርሃል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም፤ አንዱ «ጭው ይልብኛል»፣ ሌላው «መሬት ይከዳኛል»፣ ሌላው «ናላዬን ያዞረዋል» ይላል፣ ሕመማቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። «ስንት ጊዜ ቆየ? ምን ስታደርግ ጀመረ?» የሚለው ጥያቄ ነው መንገዱን የሚለየው።

ከ1 ደቂቃ በታች የሚቆይ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ የሚመጣ ከባድ መሽከርከር የጆሮ ጠጠር ሕመም ነው። የውስጥ ጆሯችን ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቦዮችና ሁለት ከረጢቶች አሉት። ከረጢቶቹ ላይ የተጣበቁ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ጠጠሮቹ ተላቀው ወደ አንዱ ቦይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው፣ ሲገቡ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም ሰውየው የሚሽከረከር ይመስለዋል። ይህ ከደም ግፊት መውረድ ጋር በየቀኑ ይምታታል፤ ሁለቱም ከአልጋ ሲነሱ ይመጣሉና። መለያው ቀላል ነው። ተኝቶ ጎን መቀየርም ካዞረ ጠጠሩ ነው፤ ግፊት የሚወርድበት ሰው ተኝቶ ሲገላበጥ አያዞረውም። ጥርጣሬ ካለ 5 ደቂቃ አስተኝቶ ግፊቱን መለካት፣ ከዚያ አቁሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና መለካት ነው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጥፋቱ የጆሮው አይደለም።

ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ፣ አንዱን ጆሮ የመደፈን ስሜትና ጩኸት የሚያመጣ፣ በተለይ ወፍራም ድምፆችን የመስማት አቅም የሚቀንስ ከሆነ ሜኒየር የሚባለው የውስጥ ጆሮ ሕመም ይጠረጠራል። ስያሜው የመጣው በ1861 እ.ኤ.አ. የዚህ ዓይነቱ ማዞር ምንጭ ጆሮ እንጂ አንጎል እንዳልሆነ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፕሮስፐር ሜኒየር ነው። በአንድ ጊዜ ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ለቀናት የሚያስታውክ፣ መስማትን የማይነካ ማዞር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ነው።

አሁን ወደ ማይግሬኑ። ማይግሬን የሚያመጣው ማዞር ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህ ሰፊ ወሰን ነው ብዙ ሐኪም የሚያሳስተው፤ አንድ ቀን ጠጠር፣ ሌላ ቀን ሜኒየር ይመስላል። በሚዛን ሕመም ላይ የሚሠራው የባራኒ ማኅበርና የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መለያ መሠረት ቢያንስ 5 ጊዜ የመጣ፣ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ማዞር መኖር አለበት፤ ሰውየው አሁን ወይም ቀድሞ ማይግሬን የነበረበት መሆን አለበት፤ ማዞሩ ከመጣባቸው ጊዜያት ቢያንስ በግማሹ የማይግሬን ምልክት አብሮ መታየት አለበት፤ ሌላ የተሻለ ምክንያትም መገኘት የለበትም። ምልክት የሚባለው ወይ ማይግሬናዊ ራስ ምታት ነው (በአንድ ወገን የሆነ፣ እንደ ልብ ምት የሚወጋ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚብስ፣ በመካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ መጠን የሚያም፤ ከአራቱ ሁለቱ ይበቃሉ)፣ ወይ ብርሃንና ድምፅ አብረው መጥላት፣ ወይ ዓይን ላይ የሚብለጨለጭ መስመር መታየት።

«ወይ» የሚለውን ልብ በሉ። ራስ ምታት ጨርሶ ሳይኖር ማይግሬን ማዞር ይችላል። ሰውየው መስኮቱን በነጠላ ጋርዶ፣ ሬዲዮ አስዘግቶ ከተኛ ያ ራሱ ምልክት ነው። ብዙዎች በወጣትነታቸው ከባድ ራስ ምታት ነበራቸው፤ ዕድሜያቸው 40ን ሲያልፍ ራስ ምታቱ ቀለል ይልና ማዞሩ ይተካዋል። ልጅ ሳሉ መኪና ያስታውካቸው እንደነበር ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። እናትና እህትም ጥያቄው ውስጥ ይግቡ፤ ሕመሙ በቤተሰብ ይሄዳል። ከመቶ ሰው አንዱን ያህል በዕድሜው ይነካዋል የሚባል ሕመም ስለሆነ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብርቅ የሆነው የሚጠረጥረው ሰው ነው።

ለምን ይገናኛሉ? የፊትና የጭንቅላት ሕመምን የሚያስተላልፈው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ቅርንጫፉን ወደ ውስጥ ጆሮ የደም ሥሮችም ይልካል። ማይግሬን ሲነሳ ይህ ነርቭ የሚረጨው ኬሚካል የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ያስቆጣልም። በአንጎል ግንድ ላይ ደግሞ የሕመም ማዕከሉና የሚዛን ማዕከሉ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሲንጫጫ ሌላው ይሰማል። መንገዱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ነው። ማይግሬን ያዞራል፣ ከጆሮ የመነጨ ማዞርም ማይግሬን ይቀሰቅሳል። የበርሊን ሐኪሞች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ78 የሜኒየር ሕሙማን 56 በመቶው በሕይወታቸው ማይግሬን የነበራቸው ሲሆን፣ ሜኒየር ከሌለባቸው ሰዎች ዘንድ ግን 25 በመቶ ብቻ ነበር። የጆሮ ጠጠርም ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ከታከመ በኋላም ተመልሶ የመምጣት ጠባዩ ይብሳል።

ራስ ምታቱ የትኛው ነው?

ማዞር ያለበት ሰው ራስ ምታት አራት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ከላይ ያልነው ማይግሬን ነው። ሁለተኛው የአንገት ነው፤ እንዳያዞረው የፈራ ሰው ጭንቅላቱን ከትከሻው ጋር አንድ ላይ ያዞራል፣ እንጨት የተሸከመ ይመስላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከማጅራት ተነስቶ ወደ ግንባር የሚመጣ፣ የሚጫን እንጂ የማይወጋ ሕመም ይጀምረዋል። ብርሃን አያስጠላውም፣ አያስታውከውም። ለዚህ ማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ ማድረግና አገጭን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ ደጋግሞ፣ በቀን 3 ዙር፣ ከየትኛውም ክኒን ይሻላል። ሦስተኛው የዓይን ድካም ነው፤ የሚዛን ጆሮው የደከመ ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆም በዓይኑ ላይ ስለሚደገፍ፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ መሀል ሰው ሲተራመስበት ወይም ስልክ ሲያንሸራትት ግንባሩ ይከብደዋል።

አራተኛውን ክኒኑ ራሱ ያመጣዋል፤ ከሁሉም ይልቅ ሳይታወቅ የሚኖረውም እሱ ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤርጎታሚን፣ ትራማዶልና ቅልቅል ማስታገሻዎች በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ ከተወሰዱ ራስ ምታቱን የሚያመጡት እነሱው ይሆናሉ። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ያለ፣ ክኒን ሲወስዱ ለሰዓታት የሚተው፣ ማታ የሚመለስ ከሆነ ጠርጥሩ። ቁጥሩ የክኒን ሳይሆን የቀን ነው፤ በአንድ ቀን 4 ክኒን የዋጠ አንድ ቀን፣ በየቀኑ አንድ የዋጠ ግን በወር 30 ቀን ይቆጠርበታል። ማስታገሻው ሲቆም ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይብሳል፤ ይህንን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በ3ኛው ቀን ወደ መድኃኒት ቤት ይመለሳል። ትራማዶል ወይም ኮዴን ለወራት የወሰደ ግን በራሱ ቆርጦ እንዳይጥለው፤ በሐኪም ቀስ ተብሎ ይወርዳል።

ስለዚህ ደብተር ያስፈልጋል። የተማሪ ደብተር ይበቃል። በአንድ ቀን አንድ መስመር፤ በመስመሩ ላይ ቀኑ፣ ማዞሩ የጀመረበት ሰዓትና የቆየበት ጊዜ፣ ራስ ምታቱ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ ብርሃን ወይም ድምፅ ማስጠላቱ፣ ጆሮ መጮሁ (የትኛው ጆሮ?)፣ የተዋጠው ክኒን፣ ያለፈው ሌሊት እንቅልፍ፣ ቡናና ጫት። ሴቶች የወር አበባ ቀናቸውን ያክብቡ፤ ከመጀመሩ 2 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 3ኛው ቀን ድረስ የሚመጣ ማይግሬን ብዙ ነው። ማዞሩ ሲመጣ አጠገብ ያለ ሰው የታማሚውን ዓይን በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽ ደግሞ ለሐኪሙ ከአንድ ገጽ ወሬ ይበልጣል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ማዞሩ ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

ቡና፣ ጫት፣ ጾም፣ ከሰል

ጅማ ላይ ስለ ራስ ምታት ተጽፎ ቡና ካልተነሳ ነገሩ ጎደሎ ነው። ቡና ማይግሬን ላለበት ሰው መርዝ አይደለም፤ መርዙ መዋዠቁ ነው። በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም የሚጠጣ ሰው ድንገት ቢያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ በ1ኛውና በ2ኛው ቀን ይብሳል፣ እስከ 9 ቀንም ሊዘልቅ ይችላል። መቀነስ የፈለገ በየ4 ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንስ። መጀመሪያ የማታውን ስኒ ይተው፣ ከዚያ የከሰዓቱን፣ የጠዋቱን መጨረሻ። መተው ያልፈለገ ደግሞ መጠኑንና ሰዓቱን አይለዋውጥ፤ በሥራ ቀን ሁለት ስኒ፣ እሁድ ስድስት ስኒ የሚሉት ነገር የሰኞን ራስ ምታት ያመጣል።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት ይህን ቅነሳ ሻዕባን አጋማሽ ላይ መጀመር የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጾም ቀናት በእጅጉ ያቀልላል። ሱሁር አይዘለል፤ ውሃውም በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ተከፋፍሎ ይጠጣ እንጂ በአንድ ጊዜ አይጋት። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙም ነገሩ ያው ነው፤ ባዶ ሆድ ከታወቁት ቀስቃሾች አንዱ ነው። የመከላከያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ገባ ብሎ አያቋርጥ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዲገጥም ሐኪሙን ይጠይቅ። ለታመመ ሰው በሁለቱም እምነት ፈቃድ አለ፣ ሼሁንም የንስሐ አባቱንም መጠየቅ ነው።

ጫት ላይ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ምርቃናው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። ከዚያ ጨብሲ ይከተላል። በማግስቱ እንቅልፍ ያጣ፣ ያልበላ፣ ውሃ ያነሰው፣ አልኮል የገባበት አንጎል ነው የሚነቃው፤ ማይግሬን የሚፈልገው አራቱም ነገር ተሟልቷል። የሚቀረው የለም። ጨርሶ መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ በልቶ ይቃም፣ ምሽት 12 ሰዓት ሳይሞላ ያቁም፣ ጨብሲውን ይተው።

የቡናው ዕጣን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽታ ማይግሬን ላለበት ሰው ቀስቃሽ ስለሆነ፣ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ዕጣኑ ሲጨስ ደጃፍ አካባቢ ቢቀመጥ ነውር አይሆንበትም። ከዕጣኑ የሚከፋው ከሰሉ ነው። በክረምት ዝናቡ ሲበረታ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ከተቀጣጠለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከማቻል፤ ሽታ የለውም፣ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ ይገድላል። ማይግሬን ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ሌሊት አይዝም። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ካመመውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ከሰሉን አውጥታችሁ ቤቱን ክፈቱ፤ የደከመውን ሰው ሐኪም ቤት አድርሱ።

መድኃኒቱ

ለአዋቂ ሰው፣ ራስ ምታቱ ሲጀምር (ከበረታ በኋላ ሳይሆን) ፓራሲታሞል 1 ግራም ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት፣ ወይም አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ እንዲሁም እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፋት ሴት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ይተዉ። ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ይተኛል፤ የተዋጠው ክኒን ሳይሠራ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከማስታገሻው 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ሜቶክሎፕራሚድ 10 ሚሊግራም የሚያዙት። በቀን ከ3 ጊዜ፣ በተከታታይ ከ5 ቀን አይለፍ። ወጣቶች ላይ አልፎ አልፎ አንገት ይጣመማል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል። ያየ ሰው «ሰፈረበት» ብሎ ወደ ጠበል ይሮጣል፤ የመድኃኒቱ ጠንቅ ነውና ጤና ጣቢያ በሚሰጥ መርፌ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለቃል።

ካፈርጎት፣ ማለት ኤርጎታሚንና ካፌይን የተቀላቀለበት፣ እንደ ከረሜላ የሚዋጥ ነገር አይደለም። የደም ሥር ያጠባል። የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ ግፊት ወይም እርግዝና ካለ አይነካም። የኤችአይቪ መድኃኒታቸው ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው ሰዎች፣ ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን እየወሰዱ ያሉም አብረው ከወሰዱት የእጅና የእግር ደም ሥር እስከ መበስበስ ሊዘጋ ይችላል። ሻጩ ይህንን ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት።

ማዞሩን ለማስታገስ ፕሮሜታዚን ወይም ዳይመንሃይድሪኔት ለ1፣ ቢበዛ ለ3 ቀን። ከዚያ በላይ ጥቅሙ ያልቅና ጉዳቱ ይጀምራል፤ አንጎል የተበላሸውን ሚዛን እንዲያስተካክል ማዞሩን መስማት አለበት፣ ክኒኑ ደግሞ ይህን ስሜት ያደነዝዝበታል። ሲናሪዚን የተባለውን የማዞር ክኒን ለወራት የሚውጡ አዛውንቶች እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እርምጃቸው መጎተት ከጀመረ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ክኒኑ ነው። ለጆሮ ጠጠር ደግሞ ክኒን የለውም። የተንሸራተተ ጠጠር በክኒን አይመለስም።

የማይግሬኑ ጥቃት በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ሥራ ካስፈታ ስለ መከላከያ ማሰብ ነው። እኛ ዘንድ በዋጋም በመገኘትም የሚመቹት ሁለት ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ባለ 25 ሚሊግራሙ ግማሽ፣ ከመተኛት 2 ሰዓት በፊት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሉ፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ፕሮፕራኖሎል 20 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ አስም ላለበትና የልብ ምቱ ዝግ ላለ ሰው አይሰጥም፣ በድንገትም አይቆምም። ሁለቱንም ሐኪም ያዝዛቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ10 ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ በመተው ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላው መድኃኒቱን መፍረድ አይቻልም። ቫልፕሮት የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት ለዚህ ሕመም አይሰጥም። የሚብለጨለጭ መስመር የምታይ ባለማይግሬን ደግሞ ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ትተው፣ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም የ3 ወሩ መርፌ ይሻላታል።

ጠጠሩን መመለስ

ይህ የኤፕሊ ዘዴ ይባላል። የአንገት አጥንት ሕመም ያለበት ወይም ስትሮክ የያዘው ሰው ቤት ውስጥ አይሞክረው፤ ሌላውም መጀመሪያ አንድ ጊዜ ባለሙያ ጆሮውን ለይቶ ቢያሳየው ይመረጣል። ሕመሙ በቀኝ ጆሮ ነው እንበል። ጋቢ ሦስት አራት ጊዜ አጥፋችሁ አልጋው መሀል አስቀምጡ፤ ስትተኙ ከትከሻ ሥር መዋል አለበት እንጂ ከአንገት ሥር አይሁን። እግር ዘርግታችሁ ተቀመጡና ፊታችሁን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙሩ። እንደዚያው እንዳላችሁ ፈጠን ብላችሁ ወደ ኋላ ተኙ፤ ትከሻ ጋቢው ላይ፣ ጭንቅላት ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ። ከ2 እስከ 5 ሰከንድ ቆይቶ ማዞሩ ይመጣል። አትነሱ። እስኪያበቃ፣ ካበቃም በኋላ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ጭንቅላት ሳይነሳ ፊቱ ወደ ግራ 90 ዲግሪ ይዞራል፤ አሁንም 30 ሰከንድ። ቀጥሎ መላ ሰውነት በግራ ትከሻ ላይ ይገለበጣል፣ አፍንጫ ወደ ወለሉ ያያል፤ 30 ሰከንድ። በመጨረሻ አገጭ ወደ ደረት እንዳለ በግራ በኩል እግር አውርዶ መቀመጥ። ሲቀመጡ ሊያንገዳግድ ስለሚችል አጠገብ ሰው ይኑር።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ሰው ሲዞር ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፤ ጠጠሩ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ጆሮ። የታመመው ጆሮ ወደ ታች ሲሆን ነው ማዞሩ የሚከብደው፤ ዓይንም ወደ ታችኛው ጆሮ እየተጠማዘዘ ይዘላል። ሦስተኛ፣ ማዞሩን ፈርቶ መቸኮል። ከ10 ሰው 8 ያህሉ በአንድ ወይም በጥቂት ጊዜ ይድናሉ። ድሮ «ሁለት ሌሊት ተቀምጠህ እደር» ይባል ነበር፤ አያስፈልግም። ማይግሬን ያለበት ሰው ግን ከዘዴው በኋላ ማታውን ራሱን ሊያመው ስለሚችል፣ በባዶ ሆዱም ጠግቦም አይጀምረው። ዘዴው በትክክል ሦስት ቀን ተሠርቶ ምንም ለውጥ ከሌለ ወይም ማዞሩ ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ጠጠር ነው ማለቱን ትቶ ማይግሬኑን ማየት ነው።

የ«ሀ» ልምምድ

ነርቩ ተቆጥቶ ለነበረና በጄንታማይሲን ወይም በስትሬፕቶማይሲን መርፌ የሚዛን ጆሯቸው ለተጎዳ ሰዎች ሕክምናው እንቅስቃሴ ነው። (በመርፌው የተጎዱት ብዙ ጊዜ አይሽከረከርባቸውም፤ ሲራመዱ የሰው ፊት ይንቀጠቀጥባቸዋል፣ መብራት ሲጠፋ መሬቱ ይጠፋቸዋል። ማታ ባትሪ ከእጃቸው አይጥፋ።) ወረቀት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የምታህል «ሀ» ጻፉ፤ ባዶ ግድግዳ ላይ በዓይናችሁ ትክክል፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ለጥፉ። ዓይን ፊደሏ ላይ ተተክሎ ጭንቅላት ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዝ። ፍጥነቱን ፊደሏ ትነግራችኋለች፤ ከተደበዘዘች ፈጥናችኋል።

ሌላው ሰው በ1 ደቂቃ ይጀምራል፣ በቀን 3 ጊዜ። ማይግሬን ያለበት ግን በ20 ሰከንድ ይጀምር፣ በየሦስት ቀኑ 10 ሰከንድ ይጨምር። ልኩ ይህ ነው፦ ልምምዱ ትንሽ ማዞሩ ተገቢ ነው፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ግን መርገብ አለበት። ራስ ምታቱ በደብተሩ ከነበረው ከ2 ነጥብ በላይ ከጨመረ ሰከንዱን በግማሽ ቀንሱ። ማይግሬኑ ሳይረጋ በግድ የተገፋ ልምምድ ሰውን አስጠልቶ ያስቀረዋል። ፊደሏ ባዶ ግድግዳ ላይ ስትቀልል አበባ ያለበት መጋረጃ ላይ ለጥፏት፤ ከዚያ እየተራመዳችሁ። ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት በኋላ ጥሩ መለማመጃ ነው፣ መጀመሪያው ላይ ግን ደልዳላ መንገድ ይሁን።

ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ፣ የጊቤ በረሃ ጠመዝማዛ ለብቻው ይታሰብ። ፊት ወንበር፣ ዓይን ሩቅ አድማስ ላይ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ። ዳይመንሃይድሪኔት 50 ሚሊግራም ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት፤ ሹፌሩ ግን አይውሰደው፣ ያስተኛል።

ደብተር የማይጠብቀው

ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፤ ከማዞሩ ጋር አንዱን ነገር ሁለት ማየት፣ አፍ መተሳሰር፣ ግማሽ አካል መድከም፣ ሳይደገፉ መቀመጥ ወይም መቆም አለመቻል፤ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ፤ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ ራስ ምታት፤ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ አዲስ የመጣ ራስ ምታት፤ እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፋት ሴት ላይ ከዓይን መብለጭለጭ ጋር የመጣ ራስ ምታት። እነዚህ ሁሉ በዚያው ቀን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን ወይም የቀረበውን ሆስፒታል ይጠይቃሉ። አንድ ጆሮ ድንገት መስማት ካቆመም እንዲሁ፤ ስቴሮይድ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ከሁለት ሳምንት ወዲያ ተስፋው ይሳሳል።

ለዓመታት መግል የሚወጣው ጆሮ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ቤት ውስጥ «የልጅነት ጆሮው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያ ጆሮ ያለበት ሰው ማዞርና ራስ ምታት አዲስ ከጀመረው መግሉ ወደ ውስጥ ጆሮ፣ ከዚያም ወደ አንጎል እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ዘይትም ሆነ ጠብታ አትጨምሩበት። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደብተሩን፣ የዓይኑን ቪዲዮና የሚወሰዱትን ክኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል ያዙ፤ ባዶዎቹንም ጭምር።